በዘንዶ ጋላቢዎች የሚና ጨዋታ የመሪነት ቦታ ለመያዝና በአግባቡ ለመምራት የሚረዳ መመሪያ

የሚና ጨዋታ ማለት እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ከሌሎች ጋር ታሪክ የሚፈጥርበት ጨዋታ ነው። የዘንዶ ጋላቢዎች የሚና ጨዋታ ከሌሎች ምናባዊ ጨዋታዎች የሚለየው በማዕረግ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው። በሌሎች ጨዋታዎች አንድ ሰይፈኛ ወይም አስማተኛ ብቻውን መንገድ ወጥቶ የራሱን ታሪክ ሊፈጥር ይችላል፤ ዘንዶ ጋላቢ ግን ከሰፈሩ፣ ከበረራ ጓዱና ከአለቃው ተነጥሎ የሚሠራው ነገር እምብዛም ነው። ለተጫዋቾች ክፍት የሚሆኑት የመሪነት ቦታዎች የበዙትም፣ አዲስ ተጫዋች ገና ዘንዶው መብረር ሳይጀምር ዓይኑን የሚጥልባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ መመሪያ ቦታዎቹ ምን ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚጠየቁና ከተያዙ በኋላ እንዴት እንደሚሠራባቸው በቅደም ተከተል ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው፦ የመሪነት ሚና የሚገባው ለሌሎች ተጫዋቾች ሥራ መፍጠር ለሚችል ተጫዋች ነው፤ የገጸ ባሕርዩ ጉልበትና የዘንዶው ግዝፈት ከዚያ በኋላ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

1. ማዕረጉንና ኃላፊነቱን ለይተው ይወቁ

እያንዳንዱ የመሪነት ቦታ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው በታሪኩ ውስጥ ያለው ማዕረግ ሲሆን፣ በዚህ በኩል ገጸ ባሕርይዎ ያዝዛል፣ ይሾማል፣ ይቀጣል። ሁለተኛው ከታሪኩ ውጭ ያለው ኃላፊነት ነው፤ በዚህኛው በኩል እርስዎ ራስዎ ትዕይንት ይከፍታሉ፣ የዘገየውን ያስታውሳሉ፣ አዲስ የመጣውን ተጫዋች ቦታ ያስይዛሉ። ሁለቱ ሲምታቱ ጨዋታው መበላሸት ይጀምራል። በታሪኩ ውስጥ አለቃ የሆነው ሰው ከታሪኩ ውጭም ባልንጀሮቹን ሊያዝዝ ይቃጣዋል፤ ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ደግሞ የራሱ ገጸ ባሕርይ እንዳይሸነፍ ሕጉን ማጣመም ይጀምራል።

በዚህ ረገድ የጥንቱ ልማድ የሚያስተምረው ነገር አለ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሚና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ የቡድኑን ውሳኔ ሰብስቦ ጨዋታውን ለሚያስተዳድረው ለጨዋታ መሪው የሚያሰማ ቃል አቀባይ ይሆን ነበር። ይህ ሰው በሌሎቹ ላይ ሥልጣን አልነበረውም፤ ሥራው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር የሚፈጠረውን ትርምስ ማስቀረት ብቻ ነበር። የበረራ ጓድ አለቃ ከታሪኩ ውጭ ያለው ድርሻ ዛሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቦታውን ለመጠየቅ የሚያስብ ተጫዋች አስቀድሞ ይህን ድርሻ ሊወደው ይገባል።

2. ክፍት የሆኑትን ቦታዎች ይመርምሩ

የማዕረጎቹ ስም ከጨዋታ ጨዋታ ቢለያይም ሥራዎቹ ይመሳሰላሉ። ከሁሉ በላይ የሰፈሩ አዛዥ አለ። ጦርነትንና ሰላምን የሚወስን፣ ከምድር ገዥዎች ጋር የሚደራደር፣ የጓድ አለቆችን የሚሾም እርሱ ነው። ይህ ቦታ ከሩቅ ሲታይ ያጓጓል፤ ነገር ግን አዛዡ በየውጊያው ግንባር ቀደም ሆኖ ከተሰለፈ የጓድ አለቆቹ የሚሠሩት ያጣሉ፣ ከሰፈር ካልወጣ ደግሞ የእርሱ ተጫዋች የምክር ቤት ስብሰባ እየመራ ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ አዛዡ ለአንድ ሳምንት ቢጠፋ የሰፈሩ ታሪክ በሙሉ ይቆማል።

ከአዛዡ ጎን ንግሥት የተባለችው ሴት ዘንዶ ጋላቢ ትቆማለች። ንግሥቲቱ እንቁላል የምትጥል በመሆኗ የሰፈሩ የነገ ዕጣ በእርሷ እጅ ነው፤ በአንዳንድ ጨዋታዎች አዛዥነቱ ራሱ የሚሰጠው ዘንዶው ንግሥቲቱን በበረራ ተከትሎ ለደረሰባት ጋላቢ ነው። ቦታው በዕጣ ወይም በታሪኩ ሂደት የሚገኝ ስለሆነ በማመልከቻ ብቻ አይያዝም፤ ስለዚህ ከመመኘትዎ በፊት የጨዋታውን ሕግ በዚህ ነጥብ ላይ በጥንቃቄ ያንብቡ።

ቀጥሎ የበረራ ጓድ አለቃና ምክትሉ ይመጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ መምራት ለሚፈልግ ሰው ከምክትልነት የተሻለ መነሻ የለም። ምክትሉ አለቃው በሌለበት ይመራል፣ በሚኖርበት ጊዜ ደግሞ የጓዱን አባላት ችግር ወደ እርሱ ያደርሳል፤ ቢሳሳት የሚያርመው አለ፣ ቢሳካለት የሚያየው አለ።

በእኔ እምነት ከሁሉም ይልቅ ተገቢው ክብር ያልተሰጠው ቦታ የምልምሎች አሠልጣኝነት ነው። አዲስ ተጫዋች ወደ ጨዋታው ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የመጀመሪያ ገጸ ባሕርይ አሠልጣኙ ነው፤ ግልገል ዘንዶን እንዴት እንደሚያበላ፣ ኮርቻ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ከዘንዶው ጋር በሐሳብ እንዴት እንደሚነጋገር የሚማረው ከእርሱ ነው። አሠልጣኙ ጥሩ ትዕይንት ከፈጠረለት ተጫዋቹ ይቆያል፤ ቀዝቃዛ አቀባበል ከገጠመው ግን ግልገሉ መብረር ሳይችል ተጫዋቹ ይጠፋል። የአንድን ጨዋታ ዕድሜ ከአዛዡ ይልቅ አሠልጣኙ ይወስናል ብዬ ለመናገር አልፈራም።

የዘንዶ ሐኪም፣ የግምጃ ቤት ኃላፊና የቅኝት መሪም አሉ። እነዚህ ሥልጣናቸው ጠባብ ቢሆንም፣ ከጦርነት ውጭ ያለውን የሰፈር ሕይወት መጻፍ ለሚወድ ሰው የተመቹ ናቸው።

3. ጊዜዎን በሐቅ ይቁጠሩ

አብዛኞቹ የመሪነት ሙከራዎች የሚከሽፉት በጊዜ ማጣት ስለሆነ፣ ከማመልከትዎ በፊት ስሌቱን በወረቀት ይሥሩ። ጨዋታው በጽሑፍ የሚካሄድ ከሆነና እያንዳንዱ ተጫዋች ተራው ሲደርስ ለመመለስ ሁለት ቀን ከተፈቀደለት፣ ስድስት አባላት ያሉት ጓድ አንድ ዙር ለመጨረስ እስከ 12 ቀን ሊወስድ ይችላል። አምስት ዙር የሚፈጅ ውጊያ በዚህ አካሄድ ሁለት ወር ይሆናል፤ ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ውጊያ ላይ ልቡ የማይደክም ተጫዋች ጥቂት ነው። ጓዱን ሦስት ሦስት ሰው ባላቸው ሁለት ትዕይንቶች ከከፈሉት ግን ዙሩ ወደ ስድስት ቀን ይወርዳል፤ በአንጻሩ እርስዎ ሁለቱንም ትዕይንቶች መከታተል ይኖርብዎታል። ይህን ጊዜ በእርግጥ መስጠት የማይችሉ ከሆነ ምክትልነትን ወይም የቅኝት መሪነትን ይጠይቁ። በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚካሄድ ጨዋታም ነገሩ ያው ነው፤ መሪው ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት ለዝግጅት የሚሆን ጊዜ ከሌለው ስብሰባው ያለ አቅጣጫ ያልቃል።

4. ማመልከቻዎን ይጻፉ

ጨዋታ መሪዎች የሚደርሷቸው ማመልከቻዎች በአብዛኛው ስለ ገጸ ባሕርዩ ይተርካሉ፦ ወላጆቹ በጠላት ተገደሉ፣ ዘንዶው ከሁሉ ይፈጥናል፣ በልቡ ምሥጢር አለ። ይህ ሁሉ ለታሪኩ ይጠቅም ይሆናል፤ ለሹመቱ ግን መልስ የሚሆነው «ሦስት ወር ቢሰጥዎት ከጓዱ አባላት እያንዳንዳቸው ምን ይሠራሉ?» ለሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ነው። ስለዚህ ስለ ገጸ ባሕርይዎ አንድ አጭር አንቀጽ ብቻ ጽፈው ቀሪውን ለዕቅድዎ ያውሉት። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ሦስተኛው የበረራ ጓድ ካለፈው ውጊያ ወዲህ ሥራ ፈትቶአል። ጓዱ በሰሜኑ መተላለፊያ የጠፋውን የእህል ጭነት እንዲፈልግ አስቤአለሁ። የዘንዶዋ ክንፍ የቆሰለባት ጋላቢ ከምድር ሆና መንደረተኞቹን ትጠይቃለች፤ ሁለቱ አዲስ ጋላቢዎች የመጀመሪያ የሌሊት በረራቸውን ያደርጋሉ፤ ምክትሉ ሌባው የቀድሞ ወዳጁ መሆኑን ይደርስበታል፣ ይህንንም ከተጫዋቹ ጋር ተነጋግሬ ፈቃዱን አግኝቻለሁ። እኔ በሳምንት ሦስት ጊዜ መልስ እሰጣለሁ፤ ከዚህ በላይ ከራቅሁ ምክትሉ ያለ እኔ ፈቃድ ይቀጥላል።»

ይህ ማመልከቻ አጭር ቢሆንም አንባቢው የሚፈልገውን ሁሉ ይዟል። የቆሰለችው ዘንዶ አልተረሳችም፣ አዲሶቹ ሥራ አግኝተዋል፣ የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ያለ ፈቃድ አልተነካም፣ ጠያቂው ሲቀር ምን እንደሚደረግም ተወስኗል። የቀድሞ አለቃ ካለ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ያነጋግሩት፤ ቦታው በእርግጥ ክፍት መሆኑን የሚያውቀው እርሱ ነው።

5. የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ከመስጠትዎ በፊት ሰዎቹን ይወቁ

እ.ኤ.አ. በ1978 ሮይ ትረብሾ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ኤምዩዲ የተባለውን በጽሑፍ የሚካሄድ የኮምፒውተር ጨዋታ ያሳደገው ሪቻርድ ባርትል፣ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሎአቸዋል፦ ግብ መምታትና ማደግ የሚፈልጉ፣ ዓለሙን መመርመር የሚወዱ፣ ከሰው ጋር መጨዋወት የሚያስደስታቸው፣ በሌሎች ላይ ኃይላቸውን ማሳየት የሚሹ። ክፍፍሉ ሰውን በሳጥን ለመክተት አይደለም የሚጠቅመው፤ አንድ ጓድ ውስጥ ሁሉም ሰው ውጊያ ይፈልጋል ከሚል ስሕተት ለመዳን እንጂ። ከዘንዶው ጋር በሐሳብ የሚያደርገውን ንግግር መጻፍ የሚወድ ተጫዋች በአምስት ተከታታይ ውጊያዎች መካከል የሚተነፍስበት ትዕይንት ካላገኘ ዝም ብሎ ይሸሻል።

ስለዚህ እያንዳንዱን አባል በግል ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቁ፦ ገጸ ባሕርዩ በቅርቡ ምን ቢገጥመው ይወዳል? ፈጽሞ እንዲነካበት የማይፈልገው ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ በዘንዶ ጨዋታ ውስጥ አይዘለልም። ዘንዶና ጋላቢ በሕይወት ዘመን ቃል ኪዳን የተሳሰሩ ስለሆኑ፣ በብዙ ጨዋታዎች የዘንዶ ሞት የገጸ ባሕርዩ ፍጻሜ ነው፤ ዘንዶን ማቁሰል ወይም መግደል የሚወሰነው በባለቤቱ ተጫዋች ስምምነት መሆን አለበት።

6. በረራውን ይምሩ

የመሪነት ፈተናው እዚህ ስለሆነ ይህን ደረጃ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። መጀመሪያ የሰልፉን ቅርጽ ይወስኑ። ብዙ አዳዲስ አለቆች ጓዱን በሙሉ በአንድ ማዕዘናዊ ሰልፍ ከኋላቸው ያስከትላሉ፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ነገር ግን ከአለቃው በቀር የሚወስን ሰው አይኖርም። በእውነተኛው የአየር ውጊያ ታሪክ ውስጥም ተመሳሳይ ችግር ታይቷል። በሦስት በሦስት አውሮፕላን ተጠጋግተው የሚበሩ አብራሪዎች ጠላትን ከመቃኘት ይልቅ ከጎናቸው ካለው ጋር ላለመጋጨት ሲጠነቀቁ ይውሉ ነበር። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939) የተሰለፉት የጀርመን አብራሪዎች ተራርቀው በሚበሩ ጥንዶች መሰለፍን መረጡ፤ ሁለት ጥንዶች ተቀናጅተው አራት ይሆናሉ፣ አንዱ ሲያጠቃ ጓደኛው ጀርባውን ይጠብቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌሎች የአየር ኃይሎችም ይህንኑ ተቀበሉ። ለሚና ጨዋታ የጥንድ ሰልፍ ጥቅሙ እጥፍ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያነጋግረው፣ እርሱ የሚያድነውና እርሱንም የሚያድን ባልንጀራ ያገኛል፣ አለቃውም ስድስት ሰው ሳይሆን ሦስት ጥንድ ይመራል።

ቀጥሎ ትዕዛዙ ይመጣል። «ሁላችሁም ተከተሉኝ፣ ጠላትን እናጥፋ!» የሚል ትዕዛዝ ለሌላው ተጫዋች የሚተወው ነገር የለም፤ የሚቀረው «ተከተልሁ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ከዚህ ጋር የሚከተለውን ያነጻጽሩ፦

«ጠላት በሸለቆው አፍ እየገባ ነው። እኔና ምክትሌ ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን ከላይ እንወርዳለን። ሁለተኛው ጥንድ በድልድዩ ላይ ያሉትን ሰዎች ያስወጣ፤ እንዴት እንደሚያስወጣ ለእርሱ ትቼዋለሁ። ሦስተኛው ጥንድ ከደመናው ሥር ይቆይና የመጀመሪያው እሳት ሲታይ ይግባ፤ ዘንዶዎቹ ከደከሙ ግን የሚወስነው በቦታው ያለው ጋላቢ ነው።»

በዚህ ትዕዛዝ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጥንድ ግብ ተሰጥቷል፣ መንገዱ ግን ክፍት ነው። «እንዴት እንደሚያስወጣ ለእርሱ ትቼዋለሁ» የምትለዋ ሐረግ ለተጫዋቹ አንድ ሙሉ ትዕይንት ናት፤ ዘንዶው በድልድዩ ላይ ሊያርፍ፣ ገመድ ሊጥል፣ ወይም በአንድ ጩኸት ሕዝቡን ሊበትን ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ውጊያውም ሲከፋፈል ለሁሉም ያምራል።

ጨዋታው ዳይስ የሚጠቀም ከሆነ ዕቅዱን በቁጥር ይፈትኑት። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ሲጣል 8ና ከዚያ በላይ ማምጣት የሚጠይቅ ድርጊት የመሳካት ዕድሉ 65 በመቶ ነው፤ ይህ መልካም ዕድል ይመስላል። ዕቅድዎ ሦስት እንዲህ ያሉ ድርጊቶች በተከታታይ እንዲሳኩ የሚፈልግ ከሆነ ግን አጠቃላይ ዕድሉ ወደ 27 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በተቃራኒው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢሳካ የሚበቃ ከሆነ ዕድሉ ወደ 96 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ የጓዱ ድል በአንድ ረጅም ሰንሰለት ላይ እንዳይንጠለጠል፣ እያንዳንዱ ጥንድ ከሌላው ተለይቶ ሊያሳካ የሚችለው ነገር እንዲኖረው አድርገው ያቅዱ። ያልተሳካለትም ተጫዋች የውድቀቱ ውጤት ታሪክ እንዲሆንለት ቦታ ይስጡት፤ ድልድዩ ቢፈርስ በማግስቱ ጋላቢው ከመንደሩ ሽማግሌ ፊት ቆሞ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

7. በዘንዶዎ ሥልጣን አይጠቀሙ፣ ፈቃድ ካላገኙ በቀር

በብዙ የዘንዶ ጨዋታዎች ዘንዶዎች በሐሳብ ይነጋገራሉ፣ ትልልቆቹም ትንንሾቹን ሊያስገድዱ ይችላሉ፤ በተለይ ንግሥቲቱ አንድ ቃል ስታስተላልፍ የሰፈሩ ዘንዶዎች ሁሉ ይታዘዛሉ። ይህ በታሪኩ ውስጥ ውብ ኃይል ነው፤ ከታሪኩ ውጭ ግን የአንድን ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ግማሽ ከእጁ መንጠቅ ማለት ነው። ዘንዶው በራሱ ጋላቢ ፈቃድ ላይ እንዲያምፅ የሚያደርግ ማንኛውም ድርጊት፣ አስቀድሞ ተጫዋቹን ጠይቆ «እሺ» ሲል ብቻ ይጻፍ። ያልተስማማ እንደሆነ ሌላ መንገድ ይፈለግ፤ ንግሥቲቱ ተናግራ ዘንዶው ሲያመነታ ማሳየት ከሙሉ ታዛዥነት የበለጠ ትዕይንት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

8. የእንቁላል መፈልፈያ ቀን ሲደርስ

ሰፈሩ ሁሉ የሚሰበሰብበት፣ ምልምሎች በአሸዋው ላይ ቆመው ግልገሎች እንዲመርጧቸው የሚጠብቁበት ይህ ቀን፣ ለጨዋታው ታላቅ ደስታ የመሆኑን ያህል የቅሬታ ምንጭም ነው። የትኛው ተጫዋች የትኛውን ዘንዶ እንደሚያገኝ በምን መንገድ እንደሚወሰን፣ በዕጣ ይሁን በምርጫ፣ እንቁላሎቹ ከመሰንጠቃቸው ቀደም ብሎ ለሁሉም ይነገር። በውሳኔው እጃቸው ያለበት መሪዎች በዚያው ቀን የራሳቸውን ሁለተኛ ገጸ ባሕርይ በምልምልነት ባያቆሙ ይመረጣል፤ ካቆሙ ግን ለእነርሱ ግልገል የሚመርጥላቸው ሌላ ሰው ይሁን። ያልተመረጠ ምልምል የሚሆን ተጫዋች ካለ አስቀድሞ ይነገረው፣ ቀጣዩ ትዕይንቱም አብሮ ይታቀድለት። በብዙ ሰው ፊት ባዶ እጁን መቅረትን ድንገት የሚያውቅ ሰው፣ ገጸ ባሕርዩ ሳይሆን እርሱ ራሱ ነው የሚያዝነው።

9. ጠብ ሲነሣ

በታሪኩ ውስጥ ያለ ጠብ በታሪኩ ውስጥ ይፈታ፤ ከታሪኩ ውጭ የተነሣው ግን ፈጽሞ በማዕረግ አይፈታም። ተጫዋቹ ስላስቀየመዎት ገጸ ባሕርዩን እስር ቤት መክተት ወይም ከበረራ ማገድ ችግሩን ወደ ሌሎችም ያዛምታል። ነገሩን በግል፣ በትሕትና፣ የተጻፈውን ነጥብ በትክክል ጠቅሰው ይናገሩ፤ ካልተስማሙ ለጨዋታ መሪው ያቅርቡ። ትዕይንቱ ራሱ ሰውን የሚያስጨንቅ ሲሆን ደግሞ፣ ጆን ስታቭሮፖሎስ ያስተዋወቀው የኤክስ ካርድ ጠቃሚ ዘዴ ነው፦ ማንኛውም ተጫዋች ካርዱን ሲያነሣ ወይም ምልክቱን ሲጽፍ፣ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ሳይገደድ ያ ነገር ከትዕይንቱ ይወጣል። ካርዱን መጀመሪያ መጠቀም ያለበት አለቃው ነው፤ ያን ጊዜ ሌሎቹም አይፈሩትም።

10. ሲርቁና ሲለቁ

ለአጭር ጊዜ ከራቁ ገጸ ባሕርይዎን ለቅኝት ይላኩት ወይም በዘንዶው ሕመም ምክንያት ከሰፈር ያስቀሩት፣ ምክትሉም ሙሉ ሥልጣን ይኑረው። ከጨዋታ መሪው ጋር የተስማማችሁበት ቀን ካለፈና መመለስ ካልቻሉ ቦታውን ይልቀቁ። ሲለቁ የሚቀርልዎት ክብር በርክክቡ ይለካልና፣ ለተተኪው የሚሆን ማስታወሻ ያዘጋጁ፦ ያልተዘጉ ትዕይንቶች የትኞቹ ናቸው፣ ለየትኛው ተጫዋች ምን ቃል ተገብቶለታል፣ ማን በፍጥነት ይጽፋል፣ ማን ጊዜ ይፈልጋል። በመሰናበቻው ገጸ ባሕርይዎን በአንድ መስመር አይግደሉት፤ ጓዱ አብሮት የኖረ ስለሆነ የሹመት ርክክቡን በትዕይንት ሊያየው ይገባል።

የቀድሞው አለቃ ገጸ ባሕርይ በጓዱ ውስጥ ተራ ጋላቢ ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ፣ አዲሱ አለቃ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ሲሰጥ ቀድሞ የሚቀበለው እርሱ ይሁን። ሌሎቹ ተጫዋቾች በዚያች ሰዓት የሚመለከቱት እርሱን ነው፤ ትዕዛዙን ካመነታ ጓዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ወዲያው ዘንዶውን ካስነሣ ግን የአዲሱ አለቃ ሥልጣን ያለ ተጨማሪ ክርክር ይጸናል።